የወዳጅ አገሮች ባለሙያዎች ደሴ ላይ ሲመክሩ፦ አዘጋጅ ከሆኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ወዳጅ ስለሆንን እንግባባለን» ብሎ መጀመር። ከደሴ ወደ ወልድያ ሲሄዱ ሐይቅን አልፈው የሚያገኟት ውጫሌ ለዚህ ምስክር ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ በኢትዮጵያና በኢጣልያ መካከል የተፈረመው ውል የወዳጅነትና የንግድ ውል ነበር። የአንቀጽ 17 አማርኛ ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው፤ ኢጣልያም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት አለች። የሚገርመው፣ ሁለቱ ቅጂዎች ፍጹም አንድ ናቸው የሚለው ቃል እዚያው ውሉ ውስጥ ተጽፏል።

ስለዚህ የጋራ መግለጫ ሲረቀቅ ሁለቱን ቅጂ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። «ይችላል»፣ «ይገባል»፣ «አለበት» የሚሉትን ያስምሩባቸው። ከዚያ ዋናውን ያላየ ሌላ ተርጓሚ አማርኛውን መልሶ ይተርጉመው፤ ስንጥቁ የሚታየው እዚህ ነው። ልዩነት ቢነሳ የትኛው ቅጂ እንደሚጸና ይጻፍ። በ1969 እ.ኤ.አ. የቪየና የስምምነቶች ሕግ ኮንቬንሽን አንቀጽ 33 መሠረት፣ ይህ ካልተወሰነ የጸደቁት ቅጂዎች እኩል ናቸው። የባለሙያዎች መግለጫ ውል አይደለም እርግጥ፤ ነገ ውል የሚያረቅ ሰው ግን ቃል የሚቀዳው ከዚያ ነው።

ማን በማን ስም እንደሚናገር አለመለየት። መንግሥት ከመንግሥት ሲነጋገር ትራክ አንድ፣ ምሁራን ብቻቸውን ሲመክሩ ትራክ ሁለት ይባላል። ሹማምንት በግላቸው ከምሁራን ጋር ሲቀመጡ አንድ ተኩል ነው። ጠረጴዛው ላይ ባንዲራ ተክሎ፣ የስም ካርዱ ላይ ማዕረግ ጽፎ «የግል አስተያየትዎን ይንገሩን» ማለት ቀልድ ነው። ካርዱ ላይ ስም ብቻ ይበቃል።

የቻተም ሃውስን (የለንደኑን የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ጥናት ተቋም) የስብሰባ ደንብ «ምስጢር» ብሎ መተርጎም። በ1927 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ደንብ የሰሙትን መጠቀም ይፈቅዳል፤ የሚከለክለው የተናጋሪውንም ሆነ የሌላውን ተሳታፊ ማንነትና መሥሪያ ቤት መግለጽ ነው። ከአንድ አገር አንድ ሰው ብቻ መጥቶ ከሆነ «የዚያ አገር ተሳታፊ እንዳሉት» ማለት ስም ከመጥራት አይለይም። በምሳ ሰዓት ፌስቡክ ላይ የሚለጠፈው የቡድን ፎቶም ያው ነው።

ግብዣው ላይ «3/9፣ 3 ሰዓት» ብሎ መጻፍ። እኛ ግንቦት 3 ጠዋት ብለን የላክነውን እንግዳው ሴፕቴምበር 3 ወይም ማርች 9 ብሎ ያነባል፤ ሰዓቱንም ከቀኑ 9 ሰዓት ያደርገዋል። ወሩን በፊደል፣ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ።

አንድ አስተርጓሚ ለሙሉ ቀን መያዝ። ከተናጋሪው እኩል፣ ሳያስቆሙት የሚተረጉሙ ሁለት ሆነው በየ20 እስከ 30 ደቂቃው ይቀያየራሉ። ተናጋሪው እያቆመ የሚተረጎም ከሆነ ደግሞ የ1 ሰዓት ውይይት 2 ሰዓት ይፈጃል።

አርብን ማጨናነቅ። ወሎ ነውና ጁምዓም ጾምም ያን ቀን ይገናኛሉ። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባዶ ይተው፤ የጾም ምግብ ይዘጋጅ። በፍስክ ቀንም ሥጋው የእስላምና የክርስቲያን ተብሎ ይለይ፣ ጭልፋው ጭምር።

እንግዳው በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ባረፈበት ቀን ከሰዓት ስብሰባ መክፈት። ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን ዳገት ነው፣ ከ600 ሜትር በላይ ያስወጣል። ሐረጎ ላይ ጉም ከወረደ ደግሞ መኪናው ይንፏቀቃል። ዋናው ውይይት በማግሥቱ ጠዋት ይሁን።