የተሰቀለ ነጠላ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ከላይ ማዕዘኖቹ ተስበዋል፣ መሃሉ ረግቧል፣ ጠርዙ ተሰንጥቋል

ለጥገና ከሚመጡልኝ የቆዩ ነጠላዎች አብዛኞቹ የተጎዱት በዚህ ነው። ጥፋተኛው ሚስማር ነው። ሁለት ጫፍ ላይ ሲመታ የጨርቁ ክብደት በሙሉ በጥቂት የድር ክሮች ላይ ይወድቃል፤ ከታች ያለው ጥለት ከሜዳው፣ ማለትም ጥለት ከሌለበት ክፍል፣ ስለሚከብድ ሌት ተቀን ይጎትታቸዋል። ድሩም በእጅ የተፈተለ ፈትል ከሆነ ውፍረቱ እኩል አይደለምና በቀጠነበት ይበጠሳል። አንዱ ሲበጠስ ሸክሙ ለጎረቤቱ ይተርፋል።

አንዲት እናት የእናታቸውን ነጠላ በፌስታል ይዘው መጡ። ልጃቸው ሊያስደስታቸው ብሎ ሳሎን ውስጥ በስቴፕለር መትቶላቸዋል። በሁለተኛው ክረምት ሽቦዎቹ ዝገው እያንዳንዳቸው ቡናማ ነጠብጣብ ጥለዋል፤ ዝገት የነካውን ፈትል በጣቴ ስነካው ዱቄት ሆነ። ሌላው ደንበኛ «እኔ ሚስማር አልመታሁም» ብሎ ኮራብኝ። በሁለት በኩል በሚያጣብቅ ፕላስተር ለጥፎት ኖሯል! ሲያነሳው ጥጡ አብሮ ተነሳ።

መፍትሄው ክብደቱን ለላይኛው ጠርዝ በሙሉ ማካፈል ነው። አቡጀዲ ገዝተው በሙቅ ውኃ ይጠቡት፤ አዲሱ አሚዶ አለበት፣ አሚዶ ደግሞ ነፍሳት ይጠራል። በ12 ሴንቲሜትር ስፋት ቆርጠው፣ ለሁለት አጥፈው ቱቦ ያድርጉት። ርዝመቱ ከነጠላው ወርድ በግራም በቀኝም 2 ሴንቲሜትር ይነስ። ከላይኛው ጥለት ጀርባ፣ ጠንካራው ቦታ ላይ፣ በቀጭን መርፌና በጥጥ ክር በእጅ ይስፉት፦ አንድ መስመር ከላይ፣ አንድ ከታች። መርፌው በክሮቹ መካከል ይለፍ እንጂ ክሩን አይውጋ። ስፌቱን አያጥብቁ። ናይለን ክር ፈትሉን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። በስፌት መኪና አይሞከርም፤ «ቶሎ ይደርሳል» የሚል ልብስ ሰፊ ካጋጠመዎ ነጠላዎን ይዘው ይውጡ።

በቱቦው ውስጥ የአልሙኒየም ዘንግ ያስገቡ። ሚስማሩ ዘንጉን ይያዝ፣ ጨርቁን አይንካ። ነጠላው ከግድግዳው ከረዘመ አጥፈው በአቡጀዲ በተጠቀለለ ወፍራም ክብ ዘንግ ላይ ያንጠልጥሉት። መቁረጥ ብሎ ነገር የለም።

ጥለቱ ከፊት ደብዝዟል፣ ከጀርባ ግን ደማቅ ነው

ፀሐይ ነው። የሄደ ቀለም አይመለስም። መስኮት ወደማያየው ግድግዳ ያዛውሩት፤ ሦስት ወር ከተሰቀለ በኋላ አውርደው ያሳርፉት።

ጀርባው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ

ሻጋታ ነው። የውጭ ግድግዳ በክረምት ይረጥባል። ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ያዛውሩ፣ ከግድግዳውም ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ያርቁት። በመስታወት ካስገቡት ጨርቁ መስታወቱን አይንካ።

ቢጫ ሆኗል፣ ዕጣን ዕጣን ይሸታል

ቡና የሚፈላው ከሥሩ ነው። ወይ ረከቦቱን ያንሱ ወይ ነጠላውን። በረኪና ልንካው የሚሉ እጃቸውን ይሰብስቡ።

ትናንሽ ቀዳዳዎች

ብል ጥጥ እምብዛም አይወድም፤ ጥለቱ ሱፍ ወይም ሐር እንደሆነ ይመልከቱ።

ሲነካ ይበጣጠሳል

አይሰቀልም። ቢታጠፍ እጥፉ ላይ ይሰነጠቃልና በታጠበ አቡጀዲ በተሸፈነ የካርቶን ቱቦ ላይ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ያኑሩት። ግድግዳው ላይ ፎቶግራፉን ይስቀሉ።