እሽቱ ካለቀ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት፦ የከረመ የወገብ ሕመምን በእሽትና በእንቅስቃሴ ማስታገስ

የወገብ ሕመም ሦስት ወር ሲያልፈው የከረመ ይባላል። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው እጁ የተመሰከረለት አሺ ዘንድ ነው። ታሽቶ ይመለሳል፣ ለአንድ ለሁለት ቀን ይቀለዋል፣ ከዚያ ወደ ማሳው ወይ ወደ ምጣዱ ሄዶ እንደ ዱሮው ያጎነብሳል፤ ሕመሙም ይመለሳል። «እሽቱ አልያዘልኝም» ይላል። እሽቱ ግን የራሱን ሥራ ሠርቷል። የቀረው ሰውነት ለዘብ ባለበት በዚያች አጭር ጊዜ ሌላ አጎነባበስ ማስለመዱ ነው።

«ጅማቴ ዞሯል» ወይም «ደም ረግቶብኛል» ሲባል እንሰማለን። ጣት የዞረ ጅማት አይመልስም፣ የረጋ ደምም አይበትንም። ረጋ ያለ እሽት ነርቭን ያረጋጋል፤ ለወራት ወገቡን እንደ ዘብ ገትሮ ሲጠብቅ የከረመው ጡንቻም ይለቃል። ይህ ለውጥ የሚቆየው ለሰዓታት ነው። በእነዚያ ሰዓታት መጎንበስና መነሳት ያለ ሥቃይ ከተደጋገመ፣ አንጎል እንቅስቃሴውን እንደ አደጋ መቁጠሩን ቀስ በቀስ ይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው መመሪያም ለከረመ የወገብ ሕመም ከሚመክራቸው መካከል እሽትና የሰውነት እንቅስቃሴ ይገኙበታል፤ የወገብ ቀበቶንና ወገብን በመሣሪያ መጎተትን ግን አይመክርም።

መታሸት የሌለበት ወገብ

ከአሥር የወገብ ሕመም ዘጠኝ ያህሉ ይህ ነው የሚባል ስብራት ወይም በሽታ አይገኝበትም። የቀረው ግን በእጅ የሚነካ አይደለም። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በሁለቱ ጭኖች መካከል ኮርቻ የሚነካው ቦታ ከደነዘዘ፣ ወይም እግር ከቀን ወደ ቀን እየዛለ ከሄደ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። የማታ ላብ፣ ትኩሳት፣ የሰውነት መክሳት፣ ተኝተውም የማይተው ሕመም ወይም አከርካሪ ላይ ብቅ ያለ ጉብታ ካለ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ሳል ባይኖርም ቲቢ አከርካሪን ይይዛል። አጥንቱን ስለሚቦረቡረው፣ በላዩ ላይ መጫን ሰውን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል፤ እባክዎ አይዘግዩ። ጥሬ ወተት የሚጠጡና ከከብት ጋር የሚውሉ ሰዎች ትኩሳትና የወገብ ሕመም አብሮ ከመጣባቸው ከከብት ወደ ሰው ስለሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታም ይጠይቁ። አረጋዊ ሰው ወድቆ ከተነሳ በኋላ የጀመረው ሕመምም ከእሽት በፊት ራጅ ይፈልጋል።

ልጅን ጀርባ ላይ አቁሞ ማስረገጥ፣ ወገብን በኃይል ጠምዝዞ ማንቋቋት፣ በገመድ ማሰር ይቅር። ጥቅማቸው አነስተኛ፣ ጉዳታቸው ከባድ ነው።

እሽቱ፦ 15 ደቂቃ

ደጋው ብርድ ነው፤ የቀዘቀዘ ጡንቻ ደግሞ እጅን ይገፋል። ስለዚህ መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣ ወይም በጨርቅ የተቋጠረ የሞቀ ጨው ወገብ ላይ ለ10 ደቂቃ ያድርጉ። ሙቀቱን አሺው በራሱ ክንድ ይሞክረው፤ በተለይ ስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቆዳው ላይታወቀው ስለሚችል ይቃጠላል።

ፍራሽ ወይም ሁለት ብርድ ልብስ መሬት ላይ አንጥፈው በሆድዎ ይተኙ። ከሆድ ሥር አንድ የታጠፈ ጋቢ፣ ከቁርጭምጭሚት ሥር ሌላ ጥቅል ይደረግ። የሆዱ ጋቢ ከቀረ ወገብ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ታሽተው ሲነሱ ከበፊቱ የባሰ የሚያምምዎ አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ለቅባት አንድ የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ወይም የኑግ ዘይት ይበቃል። ቅቤም ይሆናል፤ ከበዛ ግን እጅ ይንሸራተትና ጡንቻውን አይይዘውም።

አሺው በመጀመሪያ መዳፎቹን ከአከርካሪው ግራና ቀኝ፣ ከአጥንቱ ሁለት ጣት ያህል አርቆ ያሳርፍ። ከዳሌ ጀምሮ እስከ ትከሻ አጥንት ሥር በ10 ሰከንድ ቀስ ብሎ ይውጣ፤ አምስት ጊዜ ይድገም። አከርካሪው ራሱ አይጫንም። ከመጨረሻው ጎድን እስከ ዳሌ አጥንት ጠርዝ ያለው ለስላሳ ቦታ ላይ እጅ ይቅለል፤ ከሥሩ ኩላሊት አለ።

ከዚያ መቀመጫ። ብዙ አሺዎች ባህሉ ስለሚከብዳቸው ይዘሉታል፤ ነገር ግን ወገብ ያመመው ሰው እጅግ የሚወጠረው እዚያ ነው። በልብስ ላይ ሆኖ መሥራት ይቻላል። አሺው ክንዱን ወይም የተጨበጠ እጁን በመቀመጫው የላይኛው የውጭ ሩብ ላይ አሳርፎ፣ የክብደቱን ጥቂት ብቻ አስደግፎ፣ ሳያንቀሳቅስ ለ30 ሰከንድ ይያዝ። በሦስት ነጥቦች ይህን ካደረገ በኋላ ወደ ሌላው ጎን ይሂድ። መሐል ላይ ወይም ታች አይጫን፤ ወደ እግር የሚወርደው ዋና ነርቭ ያለው በዚያ በኩል ነው። መንዘር ወደ እግር ከወረደ ወዲያው ያንሳ።

የግፊቱ ልክ ይህ ነው፦ ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ቢለካ ከ4 አይለፍ፤ ትንፋሽም አይያዝ። «ካላመመኝ አልታሸሁም» የሚለው እምነት ብዙ ሰው ጎድቷል። ቆዳው በማግስቱ ከበለዘ ግፊቱ በዝቷል ማለት ነው፤ መልቀቅ የጀመረው ጡንቻም ተመልሶ ይወጠራል።

ወዲያው በትር ይያዙ

ተነስተው ቡና አይጠብቁ። የሚከተለው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይሠራ።

በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን አጥፈው ይጀምሩ። ትንፋሽ እያስወጡ ወገብዎን ወደ ፍራሹ ይጫኑ፣ እያስገቡ ይልቀቁ፤ 10 ጊዜ። ቀጥለው ዳሌዎን ከፍ አድርገው 5 ሰከንድ ይያዙ፤ 8 ጊዜ። የጭን የኋላ ጡንቻ ከተሸማቀቀ ተረከዝዎ ርቋል፤ ወደ መቀመጫዎ ያቅርቡት።

ከዚህ በኋላ ይቁሙና በትርዎን ከኋላ በቁመት ያድርጉ። ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ዱላ አይጠፋምና መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። በትሩ ሦስት ቦታ ይንካ፦ የራስ ቅል ኋላ፣ በትከሻ አጥንቶች መካከል፣ ከመቀመጫ በላይ ያለው ጠፍጣፋ አጥንት። አንድ እጅ ከአንገት ኋላ፣ ሌላው ከወገብ ኋላ ይይዘዋል። ጉልበትን ትንሽ ለቀቅ አድርገው መቀመጫዎን ወደ ኋላ እየገፉ ያጎንብሱ። ሦስቱም ነጥቦች እስከ መጨረሻው መነካት አለባቸው። የታችኛው ከለቀቀ ወገብ ጎብጧል፤ የላይኛው ከለቀቀ አገጭ ወጥቷል። ጉልበት ብቻ እየታጠፈ ቁጢጥ የሚሉ ከሆነ ከግድግዳ አንድ ጫማ ርቀው፣ ጀርባ ሰጥተው ይቁሙና መቀመጫዎ ግድግዳውን እስኪነካ ወደ ኋላ ይግፉ። 8 ጊዜ፣ ሦስት ዙር።

ሶላት የሚሰግድ ሰው ይህን እንቅስቃሴ ያውቀዋል፤ ሩኩዕ ላይ ጀርባ ቀጥ ብሎ እጅ ጉልበት ላይ የሚያርፍበት አጎነባበስ ነው። እንጨት ሲያነሱና አረም ሲያርሙ ያንኑ ይውሰዱት።

በመጨረሻ በእጅና በጉልበት ይንበርከኩ። ወገብዎ ላይ ትንሽ ውሃ ያለበት የፕላስቲክ ሳህን ይቀመጥ። ቀኝ እጅና ግራ እግርዎን ዘርግተው 10 ሰከንድ ይያዙ፣ ይቀያይሩ፤ በየጎኑ 5 ጊዜ። ውሃው ከፈሰሰ እግርዎን በጣም ከፍ አድርገዋል፤ ዝቅ ያድርጉት።

ወደ ሥራ ሲገባ

20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። በሁለት ባለ 10 ሊትር ይከፋፈል፤ በሁለት እጅ ሚዛን ይይዛል። በአረም ጊዜ በየ20 ደቂቃው ቀና ብለው እጅዎን ወገብ ላይ አድርገው አምስት ጊዜ ወደ ኋላ ይለጠጡ፤ አንድ ጉልበት ተንበርክከው እየተቀያየሩ ማረምም ይረዳል። ምጣዱ ያለበትን መደብ እስከ ወገብ ከፍ ማድረግ ከማንኛውም ቅባት ይልቃል። ዱካ ላይ ሲቀመጡ ጉልበትዎ ከዳሌ በላይ ከወጣ ወገብ ይጎብጣል፤ ከፍ ያለ በርጩማ ይምረጡ፤ ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ ሲታለፍም ተነስተው ይቁሙ። የደሴ ሰው የእግር ጉዞውን በሐረጎ ቁልቁለት ባይጀምር ይመረጣል፤ እንደ ቦሩ ሜዳ ያለ ለጥ ያለ ቦታ ላይ 10 ደቂቃ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በየሦስት ቀኑ 2 ደቂቃ ይጨምሩ።

እሽቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት ሁለቴ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው አንዴ ይሁን፤ ከዚያ ይቁም። እንቅስቃሴው ግን ለስድስት ሳምንት በየቀኑ ነው። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ እሽቱን ይቀጥልና በትሩን በሁለተኛው ሳምንት ይጥላል።

ሕመሙ አንድ ቀን መነሳቱ አይቀርም፤ አጨዳ ላይ፣ ወይም በብርድ ሰሞን። እንቅስቃሴው ያመጣው ሕመም በማግስቱ ጠዋት ወደ ቀድሞው ልክ ከተመለሰ ምንም አይለውጡ። ካልተመለሰ የድግግሞሹን ቁጥር በግማሽ ይቀንሱ፣ ሦስት ቀን በዚያው ይቆዩ፣ ከዚያ በየቀኑ ሁለት ሁለት ይጨምሩ። አልጋ ላይ መዋል ግን ጡንቻውን ያሰንፋል፤ በጣም ባመመ ቀን እንኳ በየሰዓቱ ተነስተው ግቢ ውስጥ ይዙሩ።