የራስ ቅማልን ስንፈትሽና ስናክም የምንሳሳታቸው

እስኪያሳክክ መጠበቅ። የሚያሳክከው ሰውነት የቅማሉን ምራቅ ሲቆጣው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ልጅ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ድረስ ላያክ ይችላል፤ በዚህ መሀል ግን ለእህት ወንድሞቹ ያስተላልፋል። አንዱ ላይ ከተገኘ የቤቱ ሰው ሁሉ በዚያው ቀን ይታይ።

ደረቅ ፀጉር ላይ በዓይን ብቻ መፈለግ። ያደገ ቅማል ሰሊጥ ያህላል፤ ፀጉር ሲገለጥ ፈጥኖ ይሸሻል። ፀጉሩን አርጥቦ ኮንዲሽነር በደንብ መቀባት ሩጫውን ይገታዋል። ከዚያ ፀጉሩን በትንሽ በትንሹ እየከፈሉ፣ ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ ማበጠሪያ ከሥሩ እስከ ጫፉ ማበጠር፣ በየጊዜው ማበጠሪያውን በነጭ ሶፍት ጠርጎ ማየት ነው። ከጆሮ ጀርባና ማጅራት ላይ አትቸኩሉ። ሹሩባ ከሆነም ይፈታ፤ እንደተሠራ መፈለግ ልፋት ብቻ ነው።

ቅጫምን ከፎረፎር ማምታታት። ፎረፎር ሲነኩት ይራገፋል፤ ቅጫም ግን ፀጉሩ ላይ ስለተጣበቀ በጥፍር ካልሳቡት አይነቃነቅም። ከራስ ቆዳ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ርቆ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ቅርፊት ነው። መድኃኒት የሚጀመረው በሕይወት ያለ ቅማል ሲገኝ ነው።

ቤቱን ሁሉ መርጨት። የራስ ቅማል አይዘልም፣ አይበርም፤ ራስ ከራስ ሲነካካ ይሻገራል፣ ፀጉሩ ንጹሕ ሆነ ቆሻሻም አይለይም። ከራስ ከወረደ በ1 ወይም በ2 ቀን ይሞታል። ባለፉት 2 ቀናት የተጠቀሙባቸውን ሻሽ፣ ኮፍያና የትራስ ልብስ በሙቅ ውሃ ማጠብ ይበቃል። በአገራችን ግርሻ የሚባለውን ትኩሳትና ተስቦን የሚያስተላልፈው በልብስ ስፌት ውስጥ የሚኖረው የሰውነት ቅማል ነው፤ ሁለቱን መቀላቀል ያለ ምክንያት ያስደነግጣል።

አንዴ ቀብቶ መተው። 1 በመቶ ፐርሜትሪን የተባለው የቅማል መድኃኒት ቅማሉን ይገድላል እንጂ ቅጫሙን አያጠፋም፤ ቅጫም ደግሞ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ስለዚህ በ9ኛው ቀን ይደገም። ለፍተሻ የተቀባው ኮንዲሽነር አስቀድሞ በሻምፑ ታጥቦ ይውጣ፤ ከቀረ መድኃኒቱ ፀጉሩ ላይ አይዝም። መድኃኒቱ በፎጣ ተጠርጎ ገና እርጥበት ባለው ፀጉር ላይ ተቀብቶ 10 ደቂቃ ይቆይና ይታጠባል፤ ከዚያ በኋላ 1 ወይም 2 ቀን ፀጉር አይታጠብም። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን ግን ሐኪም ሳይጠየቅ አይቀባም።

ላምባና የተባይ መርጫ መቀባት። ላምባ ከሰል አጠገብ በቅጽበት ይቀጣጠላል፤ የእርሻ መርዝ ደግሞ በቆዳ ሰርጎ ልጁን ይመርዛል። ገንዘብ ካጠረ እርጥቡን ፀጉር በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ፣ ለ2 ሳምንት ማበጠር ይሻላል። ያደክማል፤ ግን ማንንም አይጎዳም።