ሚያዝያ 13 አይደለም! አፖፊስን ስንጠብቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሰሞን ሰፈራችን ሱቅ በር ላይ ቆመን ነበር። አንድ ጎረምሳ ስልኩን እየነካካ «ጋሼ፣ በ2029 ከሰማይ ድንጋይ ይወርዳል ይላል» አለ። ባለሱቁ ስኳር እየመዘኑ «እና ዱቤ ላቁም?» አሉት። ተሳቀ።

ድንጋዩ እንኳ እውነት ነው። አፖፊስ ይባላል። ስፋቱ 340 ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት የኳስ ሜዳ በቁመቱ ቢደረደር ትንሽ ይበልጠዋል። በቅርባችን ያልፋል፣ አይመታንም። ችግሩ ወሬው ነው፤ ደሴ ሲደርስ ብዙ ነገር ይቀላቀልበታል።

አንደኛውን ስህተት የሠራሁት እኔው ነኝ። «ኤፕሪል 13» የሚለውን አንብቤ በቤተሰብ ቴሌግራም ላይ «ሚያዝያ 13» ብዬ ለጠፍኩ። በእኛ አቆጣጠር ግን ዓርብ ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም. ነው። እኔን ያመነ ሰው ስምንት ቀን ዘግይቶ ባዶ ሰማይ ያያል። ያን ዓመት ፋሲካ መጋቢት 30 ስለሚውል «የፋሲካ ማግስት ዓርብ» ብሎ መያዝ ይቀላል። ዓርብ ቢሆንም አይጾምም፣ ጥብስ ይዞ መውጣት ይቻላል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። በዓለም አቀፍ ሰዓት 21:46 የተባለው ለእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ46 ነው።

ሌላው «ጅራታም ኮከብ» ማለት ነው። ለደሴ ሰው ይህን ይቅር እላለሁ፤ ከተማችን ከጅራታም ኮከብ ጋር የቆየ ዝምድና አላት። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ቦታውን «ደሴ» አሉት ይባላል፣ ደስታዬ ለማለት። ጅራታም ኮከብ በረዶና አቧራ ነው፤ ፀሐይ ስታሞቀው ይተንና ጅራት ያወጣል። አፖፊስ ደረቅ ድንጋይ ነው። ጅራት አትጠብቁ።

በጣም የሚያስደነግጠን ግን ፐርሰንት ነው። አፖፊስ የተገኘው በሰኔ 2004 አሜሪካ አሪዞና፣ ኪት ፒክ በሚባለው የሰማይ መመልከቻ ነው (እ.ኤ.አ. ነው የምቆጥረው)። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ምድርን የመምታት ዕድሉ 2.7 በመቶ ደረሰ። ወዲያው ወደቀ። ሰው ይሄን ሲሰማ «ደብቀውን ነው» ይላል። አይደለም።

ማታ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት የምትወርድ አይሱዙ አስቡ። መብራቷ አንዴ ብልጭ ብሎ ኩርባው ዋጣት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የት ትሆናለች? ቆማም ይሆናል፣ ኮምቦልቻ ገብታም ይሆናል፣ መንገዱን ሁሉ ትጠረጥራላችሁ። ሁለተኛ ብልጭታ ስታዩ ግምቱ ይጠባል። እናንተ የምትጠብቋት ቦታ በጠበበው ግምት ውስጥ እስካለ ድረስ «እኔ ጋ ነው የምትቆመው» የሚለው ዕድል ይጨምራል፤ መኪናዋ ስለቀረበች ሳይሆን ሌሎቹ ቦታዎች ስለተሰረዙ ነው። ሦስተኛው ብልጭታ ላይ እናንተን አልፋ መሄዷ ይለያል፣ ዕድሉም ዜሮ ይገባል። የአስትሮይድ (እንደ አፖፊስ ያለ ፀሐይን የሚዞር ድንጋይ) ምሕዋርም፣ ማለትም የሚዞርበት መንገድ፣ የሚሰላው እንዲሁ ነው። 2024 ዋይአር4 የሚባለው ትንሹ ድንጋይም በፌብሩዋሪ 2025 እስከ 3.1 በመቶ ወጥቶ በሳምንት ውስጥ ለምድር አያሰጋም ተባለ። አፖፊስን ደግሞ በማርች 2021 በራዳር ለክተው ቢያንስ ለ100 ዓመት ከስጋት ዝርዝር አውጥተውታል።

«ምድርን ይዞራል» የሚሉም አሉ። የሚዞረው ፀሐይን ነው፣ በ324 ቀን ገደማ። ሲያልፍ ግን የምድር ስበት መንገዱን ያጣምምበታል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ዙሩ ከእኛ ዓመት ይረዝማል።

ርቀቱንም ወይ እናጋንናለን ወይ እንንቃለን። ከምድር ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣሪያችሁ ላይ ያለው ዲሽ የሚያነጣጥርበት ሳተላይት 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ድንጋዩ ከዲሻችሁ ሳተላይት አንሶ ያልፋል ማለት ነው።

ቴሌስኮፕ ለመግዛት አትበደሩ። በዓይን ይታያል፣ ደብዘዝ ያለ ኮከብ መስሎ። በራሪ ኮከብ ሽው ብሎ ይጠፋል፤ ይሄ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ሲፈጥን እንኳ የጨረቃን ስፋት ለማቋረጥ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል።

የመጨረሻው የደሴ ሰው ብቻ የሚሠራው ስህተት ነው፦ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ተኝቶ፣ ተነስቶ ከግቢው ቀና ማለት። ድንጋዩ ከሕንድ ውቅያኖስ ተነስቶ አፍሪካን ወደ ምዕራብ ያቋርጣል። በጣም በሚቀርብበት ሰዓት አትላንቲክ ላይ ደርሷል። በምዕራባችን ደግሞ የጦሳ ተራራ አለ! ስለዚህ ከምሽት ጀምሮ መውጣት፣ ምዕራቡ ገለጥ ያለ ቦታም ቀድሞ መያዝ ነው። እኔ ቦሩ ሜዳን አስቤያለሁ፣ ጋቢ ደርቤ። ጊዜው በልግ ነው፤ ጉም ከወረደ ግን ቦሩ ሜዳም አያዋጣም። ኮምቦልቻ ዘመድ ያላችሁ ቀን ላይ ውረዱ፣ ማታ ሚኒባስ የለም።