የብሮንከስ በሽታ ኮድ ሲመለስባችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

አሜሪካ የህክምና ኮዲንግ (የበሽታ ስም ለኢንሹራንስ ወደ ኮድ መቀየር) ላይ ለምትሰሩና ለፈተና ለምታጠኑ ልጆች ነው ይሄ። አስምና ብሮንካይትስ እጃችሁ ለምዶታል፣ ጣጣው የሚመጣው ዶክተሩ ብሮንኮማሌሺያ (የብሮንከስ ግድግዳ መልፈስፈስ)፣ የብሮንከስ (ወደ ሳንባ የሚገባው የአየር ቧንቧ) ጥበት ምናምን ብሎ ሲጽፍ ነው።

ክሌሙ (ለኢንሹራንስ የሚላከው የክፍያ ጥያቄ) ገና ከመግባቱ ከተመለሰ ዲጂቱን እዩ። ጄ98.0 (ሌላ ቦታ ያልተመደቡ የብሮንከስ በሽታዎች) ብቻውን አይሄድም፣ የአለም ጤና ድርጅት የበሽታ ኮድ ዝርዝር፣ አይሲዲ-10 ላይ እዛው ነው የሚያበቃው፣ የአሜሪካው አይሲዲ-10-ሲኤም ግን አምስተኛ ዲጂት ይፈልጋል። ጄ98.01 ድንገተኛ ብሮንኮስፓዝም (የብሮንከስ ጡንቻ መኮማተር) ነው፣ ጄ98.09 ደሞ ጥበቱን፣ ቁስለቱን፣ ብሮንከስ ውስጥ የሚፈጠረውን ድንጋይ ሁሉ ይይዛል። "ሌሎች" ስለሚል ፈርታችሁ ወደ ጄ40 አትሽሹ እባካችሁ፣ ጄ40 አይነቱ ያልተገለጸ ብሮንካይትስ ነው፣ የበሽተኛው ትክክለኛ በሽታ ከፋይሉ ጠፋ ማለት ነው።

ጄ98.01 ከአስም ጋር አብሮ ተልኮ ከተመለሰ ምክንያቱ ኤክስክሉድስ 1 (ሁለቱ ኮዶች አብረው አይሰጡም የሚል ማስታወሻ) ነው። ብሮንኮስፓዝሙ የአስሙ አካል ስለሆነ የአስሙ ኮድ ጄ45 ብቻውን በቂ ነው፣ ከጄ20 (ድንገተኛ ብሮንካይትስ) ጋርም እንደዛው።

ብሮንኮማሌሺያ ላይ ብዙ ሰው እድሜ አይቶ ይወስናል፣ ልክ አይደለም። አብሮት የተወለደ ከሆነ ኪው32.2፣ በኋላ የመጣ ከሆነ ጄ98.09፣ አብሮት የተወለደው እስካሁን ካለ የ40 አመት ሰውም ኪው32.2 ይሰጠዋል።

አሁን በጣም የምትጠነቀቁበት ብሮንካይኤክታሲስ (ብሮንከስ ሰፍቶ የሚቀርበት በሽታ) ነው፣ ምክንያቱም ከኛ ሀገር የመጡ ትልልቅ ሰዎች ብዙዎቹ ድሮ ቲቢ ታመው የዳኑ ናቸውና ፋይሉ ላይ "ቲቢ" የሚል ቃል ስታዩ እጃችሁ ቶሎ ወደ ኤ15.0 ይሄዳል፣ ኤ15.0 ግን አሁን ያለ ቲቢ ነው፣ የዳነን ሰው ቲቢ አለበት ብላችሁ ላካችሁ ማለት ነው። ዶክተሩ ብሮንካይኤክታሲሱ የድሮው ቲቢ ጠባሳ ነው ብሎ ካገናኘው መጀመሪያ ጄ47.9 (ብሮንካይኤክታሲሱ) ከዛ ቢ90.9 (ቲቢ ጥሎት የሄደ ጉዳት)። ካላገናኘውና ቲቢው እንደ ታሪክ ብቻ ከተጻፈ ጄ47.9 እና ዜድ86.11 (የቲቢ ታሪክ)። ግልጽ ካልሆነ ለዶክተሩ ኩዌሪ (የጽሁፍ ጥያቄ) ላኩ፣ መልሱን ግን አፉ ላይ አታስቀምጡለት፣ "ግንኙነት ካለ ይግለጹልን" ይበቃል። ሲባባስበት የመጣ ከሆነ ጄ47.1 ነው፣ ጄ47.9 ያልተወሳሰበው ነው።

ክሊኒክ ላይ "ሳይሆን አይቀርም" ወይ "ይጠረጠራል" ከተጻፈ በሽታውን ኮድ አታድርጉ፣ ምልክቱን ነው፦ የቆየ ሳል አር05.3፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ አር06.2። ሆስፒታል ተኝቶ ለታከመ ግን ሲወጣ እንደዛ ከተጻፈ እንዳለ ቆጥራችሁ ትሰጣላችሁ።

ሌላው የኮድ አመት ነው። ብሮንኪዮላይትስ ኦብሊተራንስ (ትንንሾቹ የሳንባ ቧንቧዎች በጠባሳ የሚዘጉበት በሽታ) ከጥቅምት 1፣ 2023 በፈረንጅ ጀምሮ የራሱ ኮድ አለው፣ ጄ44.81። የሚቆጠረው በሽተኛው የታየበት (ሆስፒታል ተኝቶ ከነበረ የወጣበት) ቀን ነው፣ ክሌሙን የላካችሁበት አይደለም፣ ስለዚ የቆየ ክሌም ስታስተካክሉ የዛን አመት የኮድ መጽሐፍ ክፈቱ።