መለኪያው ነው የዋሸው ወይስ ፈረሱ ደክሟል?

ረጅም ርቀት ስትጋልቡ ፍጥነታችሁን በልብ ምት መለኪያ የምትመጥኑ ከሆነ፣ ቁጥሩ ግራ የሚያጋባበት ጊዜ አይጠፋም።

ቁጥሩ ከ70 ወደ 190 ይዘላል፣ ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ልብ እንዲህ አይዘልም። ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም ምቱን ከሰውነቱ ላይ የሚያነበው የመለኪያው ክፍል፣ ከቆዳው ጋር በደንብ አልተገናኘም ማለት ነው። በተለይ ገና ሲጀመር፣ ፈረሱ ሳያልበው በፊት፣ ደረቁ ፀጉር ነው ጉዱን የሚያፈላው። አንዱ ኤሌክትሮድ በግራ በኩል ከጫንቃው ዝቅ ብሎ ከኮርቻው ሥር፣ ሌላው ከግራ ክርኑ ኋላ ከጠፍሩ ሥር ይግባ። ፀጉሩን እስከ ቆዳው ድረስ በውሃ አርሱት፤ ጄል ካለ ጨምሩበት።

ፈረሱ ዘና ብሎ ቆሞ 80 ያሳያል። ያረፈ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ነው የሚመታው። አንዳንዴ መለኪያው አንዱን ምት ሁለት አድርጎ ይቆጥራል። ስቴቶስኮፕ (የልብ ማዳመጫ) ከግራ ክርኑ ኋላ አድርጉና 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙ። «ድብ-ድብ» የሚለው ጥንድ ድምፅ አንድ ምት ነው፣ እናንተም እንዳትሳሳቱ!

ገና ሲነሳ ሽቅብ ይወጣል። ሌሎቹ ፈረሶች ሲያልፉት ደሙ ፈልቶ ነው። ይለፉ፣ እናንተ በእርምጃ ቆዩ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቁጥር ፍጥነት አይወሰንም።

ፍጥነቱም መንገዱም ያው ነው፣ ቁጥሩ ግን ቀስ እያለ ይጨምራል። ዋናው ጣጣ ይሄ ነው፤ ብዙ ሰው «መለኪያው ተበላሸ» ብሎ የሚያልፈውም ይሄንኑ ነው። በሶምሶማ ከ110 እስከ 140 ገደማ የተለመደ ነው። ሜዳ ላይ 125 የነበረው በዚያው አረማመድ 145 ከሆነ ወይ ሙቀቱ፣ ወይ የውሃ እጥረት፣ ወይ ድካም፣ ወይ ሕመም አለ። ሕመም ፈረሱ በግልጽ ሳያነክስ በፊትም ምቱን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ወደ እርምጃ መልሱት፣ አጠጡት፣ አንገቱ ላይ ውሃ አፍስሱ፣ ወርዳችሁም ሰኮናውን አንስታችሁ ድንጋይ እንዳልገባበት እዩ። ዳገት ላይ ለትንሽ ጊዜ 160 ቢያልፍ ችግር የለውም፤ እዚያው ከቆየ ግን ለነገ የሚያስፈልገውን ጉልበት ዛሬ እየጨረሰ ነው።

ቆሞም አይወርድም። በብዙ ውድድሮች የሐኪም ፍተሻ ለማለፍ 64 ወይም ከዚያ በታች መድረስ አለበት። ቁጥሩ ከወረደ በኋላ ያዙትና ፈረሱን 40 ሜትር ያህል በሶምሶማ ወስዳችሁ መልሱት፤ መሮጥ ከጀመረ አንድ ደቂቃ ሲሞላ እንደገና ቁጠሩ። ከመጀመሪያው ቁጥር ከ4 በላይ ከጨመረ፣ ወይም መጀመሪያውኑ አልወርድ ካለ፣ ኮርቻውን አውርዱና ለሐኪሙ አሳዩት።