ከፓሪስ ወደ ዲዝኒላንድ በአር ኢ አር ባቡር፦ ትኬቱ፣ መገንጠያውና የማታው መመለሻ

ዲዝኒላንድ ፓሪስ ስሙ ፓሪስ ይበል እንጂ ከተማው ውስጥ አይደለም። ከመሃል ፓሪስ በስተምሥራቅ 32 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ማርን ላ ቫሌ በሚባለው አካባቢ ነው ያለው። ደግነቱ አር ኢ አር የሚባለው፣ ፓሪስን ከዙሪያዋ ጋር የሚያገናኘው ባቡር በሩ ድረስ ይሄዳል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1992 ሲከፈት ጣቢያውም በዚያው ወር ሥራ ጀምሯል፤ ከጣቢያው ወጥታችሁ ሁለት ደቂቃ ያህል ስትራመዱ የቦርሳ ፍተሻው ጋ ትደርሳላችሁ። ከመሃል ከተማ ጉዞው 40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ መለወጥም የለበትም። ሰው የሚቸገረው ሌላ ቦታ ነው፦ ትኬት ሲገዛ፣ መስመሩ ለሁለት ሲከፈል፣ ማታ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲወጣ።

እዚህ የሚጠቀሱት ሰዓቶች በጣቢያው ስክሪን ላይ እንደሚታዩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትኬቱ

ስለዚህ ጉዞ የተጻፉ የቆዩ መመሪያዎች አሁንም ይዞራሉ፤ በትኬት ጉዳይ አትመኗቸው። ድሮ ክፍያው በርቀት ነበር። ፓሪስ ውስጥ ለሜትሮ የሚያገለግለው ትኬት ፓርኩ ድረስ አይሠራም ነበር፤ ይህን ያላወቀ ሰው ሲገባ በሩ ይከፈትለትና ሲወጣ እምቢ ይለው ነበር፤ ከዚያ ቅጣት ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን በመላው የፓሪስ ክልል ለሜትሮ፣ ለባቡርና ለአር ኢ አር አንድ ወጥ ዋጋ ወጥቷል። ሲጀመር 2.50 ዩሮ ነበር፤ ዋጋው በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ስለሚከለስ ትንሽ ጨምሮ ብታገኙት አይግረማችሁ። ከዚህ ውጪ የሆኑት የአውሮፕላን ማረፊያዎቹ ናቸው፤ ስለ እነሱ ከታች አለ።

ጉዞው የሚሞላው ናቪጎ ኢዚ በሚባል የፕላስቲክ ካርድ ላይ ነው። ባዶው ካርድ 2 ዩሮ ነው፤ ስምም ፎቶም አይፈልግም፤ ጉዞው ሲያልቅ ደግማችሁ ትሞሉታላችሁ። የማሽኑን ስክሪን መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩት፤ ካርዱን ማስቀመጫው ላይ ካደረጋችሁ በኋላ ክፍያው አልቆ ስክሪኑ ‹ተጠናቋል› እስኪል አታንሱት። ቸኩሎ ያነሳ ሰው ካርዱ ሳይሞላ ሊቀርበት ይችላል።

ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው ደጋግሞ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ አንድ ካርድ ላይ አራት ጉዞ ሞልቶ አራት ሰው ማሳለፍ አይቻልም። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ካርድ ያስፈልጋል። ከ4 ዓመት በታች ያለ ልጅ በነጻ ይሄዳል፤ ከ4 እስከ 9 ዓመት ያለው ግማሽ ዋጋ ይከፍላል፤ ካርዱ ግን ለእሱም ያስፈልገዋል። የልጅ ትኬት ለአዋቂ መጠቀም ያስቀጣል። ማሽኑ አጠገብ ቆመው ‹ልርዳችሁ፣ ትኬት አለኝ› የሚሉ ሰዎች የሚሸጡት ብዙ ጊዜ ይኸው የልጅ ትኬት ወይም ያለቀ ካርድ ነው። አመስግናችሁ እለፉ።

በሌሎች ትልልቅ ከተሞች እንደተለመደው የባንክ ካርድ በሩ ላይ አስጠግቶ መግባት እዚህ አልተጀመረም። በስልክ ግን ይቻላል፤ ኢል ደ ፍራንስ ሞቢሊቴ የሚባለውን አፕ ጭናችሁ ትኬቱን ስልኩ ላይ መግዛት ትችላላችሁ። ይሠራል፤ እኛ ግን ለዚህ ጉዞ የፕላስቲኩን ካርድ እንመርጣለን። ፓርክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰልፍ ሰዓት ስታዩና ፎቶ ስታነሱ የዋለ ስልክ ማታ ባትሪው ይሞታል፤ የሞተ ስልክ ደግሞ በር ላይከፍት ይችላል።

ጠዋት ስትነሱ የመሄጃውንም የመመለሻውንም፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ጉዞ ሙሉ። ማታ ፓርኩ ጣቢያ ያሉት ማሽኖች ፊት የሚሰለፈው ሰው ጠዋት ይህን ያላደረገው ነው።

የቀን ትኬት ይሻላል ወይ? ለደርሶ መልስ ብቻ ከሆነ አይሻልም። በ2025 የቀኑ ትኬት 12 ዩሮ ነበር፤ ሁለት ነጠላ ጉዞ ደግሞ 5 ዩሮ። ቢያንስ አምስት ጉዞ ካላደረጋችሁ አያዋጣም። የሳምንቱ ትኬት የሚቆጠረው ከገዛችሁበት ቀን ሳይሆን ከሰኞ እስከ እሑድ ነው፤ ፎቶ ያለበት ሌላ ካርድም ይፈልጋል። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ለደረሰ ሰው ጥሩ ነው፤ ሐሙስ ለደረሰ ገንዘብ ማባከን።

ነጠላው ትኬት ለሁለት ሰዓት ያገለግላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሜትሮ ወደ አር ኢ አር መለወጥ ይቻላል። ወደ አውቶቡስ ግን አያሻግርም፤ አውቶቡስ የራሱ ትኬት አለው።

መገንጠያው

የምትፈልጉት መስመር አር ኢ አር ኤ ነው፤ በካርታው ላይ ቀይ ነው። ከላ ደፋንስ፣ ከሻርል ደ ጎል ኤትዋል፣ ከኦቤር፣ ከሻትሌ ሌ አል፣ ከጋር ደ ሊዮን ወይም ከናሲዮን መሳፈር ይቻላል። ምርጫ ካላችሁ ሻትሌን ተዉት። ብዙ መስመር የሚገናኝበት የመሬት ውስጥ ጣቢያ ስለሆነ ከሜትሮ ወደ አር ኢ አር የሚወስደው መተላለፊያ ረጅም ነው፤ ልጅና ጋሪ ላለው ሰው አድካሚ ነው። ጋር ደ ሊዮን ይሻላል፤ በተለይ በሜትሮ 14 ለሚመጣ ሰው ልውውጡ አጭር ነው።

ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መስመር ቫንሴን ከሚባለው ጣቢያ በኋላ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ክንፍ ወደ ቧሲ ሳን ሌዤ፣ ሌላው ወደ ማርን ላ ቫሌ ሼሲ ይሄዳል፤ የእናንተ ሁለተኛው ነው። ሁለቱም ባቡሮች ከአንድ ፕላትፎርም ይነሳሉ፤ ቀለማቸውም መልካቸውም አንድ ነው። ስለዚህ ‹ባቡር መጣ› ብሎ ዘሎ መግባት ዋናው ስህተት ነው። ፕላትፎርሙ ላይ የተሰቀለውን ስክሪን እዩ፦ የመጨረሻው ጣቢያ ስምና ባቡሩ የሚቆምባቸው ጣቢያዎች ይታያሉ። እያንዳንዱ ባቡር ባለ አራት ፊደል ስም አለው፤ ወደ ሼሲ የሚሄዱት በላቲኑ ኪው ፊደል ይጀምራሉ። በብዙ ካርታና ምልክት ላይም ከሼሲ ስም ጎን ‹ፓርክ ዲዝኒላንድ› የሚል ተጽፏል።

ሌላም ነገር አለ፦ በትክክለኛው ክንፍ የሚሄድ ሁሉ ሼሲ አይደርስም። አንዳንዶቹ ቶርሲ ላይ ያበቃሉ። ባቡሩ ቆሞ ድምፅ ማጉያው ‹ቴርሚኑስ› ካለና ሰው ሁሉ ከወረደ እናንተም ውረዱ፤ ቀጣዩን የሼሲ ባቡር ጠብቁ። ምንም የጠፋ ነገር የለም።

ወደ ቧሲ በሚሄደው ተሳፍራችሁ ከሆነስ? ከቫንሴን በፊት ካወቃችሁ ናሲዮን ወይም ቫንሴን ወርዳችሁ የሼሲውን ጠብቁ። ካለፋችሁ በኋላ የመጀመሪያው ጣቢያ ፎንትኔ ሱ ቧ ነው፤ እዚያ ወርዳችሁ በተቃራኒው ባቡር ወደ ቫንሴን ተመለሱ። መውጫ በሩን እስካላለፋችሁና ሁለቱ ሰዓት እስካላለቀ ትኬቱ ይሠራል። የትክክለኛው ክንፍ ምልክት ከቫንሴን ቀጥሎ ቫል ደ ፎንትኔ መምጣቱ ነው።

ባቡሮቹ ባለ ሁለት ፎቅ ናቸው። የሕፃን ጋሪ ወይም ሻንጣ ያለው በመግቢያው ወለል ላይ ይቁም፤ ደረጃው ጠባብ ነው። ቦርሳችሁን ከፊታችሁ ያዙ። በዚህ መስመር ላይ ኪስ አውላቂ አለ፤ ሥራው የሚቀናው በሩ ሊዘጋ ሲል በሚፈጠረው ግፊያ ውስጥ ነው፤ ስልክ በእጁ ይዞ በር አጠገብ የቆመ ሰው ቀዳሚ ኢላማ ነው።

ከመጨረሻው በፊት ያለው ጣቢያ ቫል ዱሮፕ ነው፤ ትልቅ የገበያ ማዕከል ስላለው ብዙ ሰው እዚያ ይወርዳል። ሆቴላችሁ እዚያ ካልሆነ በስተቀር ሰውን ተከትላችሁ አትውረዱ። ሼሲ የመስመሩ መጨረሻ ስለሆነ ማለፍ አይቻልም። እዚያ ለመውጣትም ካርዱን እንደገና ስለምታስነኩ በጉዞው መሃል የት እንዳስቀመጣችሁት እወቁ። ለጋሪ ሰፊው በር አለ።

ስንት ሰዓት እንነሳ

ፓርኩ አብዛኛውን ጊዜ ለሁሉም የሚከፈተው 9:30 ላይ ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት የዚያን ቀኑን ሰዓት ድረ ገጹ ላይ አረጋግጡ። ከሻትሌ 8:15 ላይ የተሳፈረ ሰው 9 ሰዓት ሳይሆን ይደርሳል፤ ለፍተሻው ጊዜ ይተርፈዋል። 9 ሰዓት ላይ የተሳፈረ ግን ትልቁ ሰልፍ ውስጥ ይገባል። ወደ ሼሲ የሚሄዱት ባቡሮች በቀን በአማካይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ልዩነት ስላላቸው አንድ ቢያመልጣችሁ አትሩጡ።

ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ለሚሄድ

ከሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ ፈጣኑ መንገድ ቴ ዤ ቬ የሚባለው የረጅም ርቀት ፈጣን ባቡር ነው። ከተርሚናል 2 ጣቢያ ተነስቶ በ10 ደቂቃ ያህል ሼሲ ይገባል፤ የሚቆመውም ከአር ኢ አር ጋር አንድ ጣቢያ ነው። ጉድለቱ ሁለት ነው። ባቡሮቹ ጥቂት ስለሆኑ በመካከላቸው ረጅም ክፍተት ሊኖር ይችላል፤ ትኬቱም የተወሰነ ባቡር ላይ የተመዘገበ እንጂ የናቪጎ አይደለም። አውሮፕላን ከዘገየ ትኬቱ ሊቃጠል ይችላል፤ ስለዚህ ከማረፊያ ሰዓታችሁ ቢያንስ ሁለት ሰዓት የሚርቀውን ባቡር ያዙ። ከዚያ የጠበበ ቁማር ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሰማያዊውን አር ኢ አር ቢ እስከ ሻትሌ ሌ አል ይዞ ወደ ቀዩ መለወጥ ነው፤ በድምሩ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። ለዚህ ልዩ የማረፊያ ትኬት ያስፈልጋል፤ በ2025 ዋጋው 13 ዩሮ ነበር፤ እስከ ሼሲ ያደርሳል፤ ሻትሌ ላይ ሌላ አይከፈልም። ብዙ ሻንጣና ትንንሽ ልጆች ያሉት ሰው በቀጥታ የሚሄደውን የማጂካል ሻትል አውቶቡስ ቢይዝ አይቆጭም፤ ከሻርል ደ ጎልም፣ ኦርሊ ከሚባለው ሌላው ማረፊያም ይነሳል።

ከኦርሊ ቀሏል። ሜትሮ 14 ከጁን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ ድረስ ስለሚሄድ፣ በእሱ ጋር ደ ሊዮን ወርዳችሁ አር ኢ አር ኤ መያዝ ነው። ትኬቱ እዚህም የማረፊያው ነው።

ከጋር ዱ ኖር የሚነሱ ሰዎች ብዙም የማያውቁት አቋራጭ አለ። ከዚያው ጋር በውስጥ ከተያያዘው ማጀንታ ጣቢያ አር ኢ አር ኢ ይዛችሁ ቫል ደ ፎንትኔ ትወርዳላችሁ፤ እዚያ ወደ ሼሲ የሚሄደውን ቀዩን ትይዛላችሁ። የሻትሌን ግርግርና የቫንሴንን መገንጠያ ሁለቱንም ዘለላችሁ ማለት ነው። ጥንቃቄው አንድ ነው፦ የኢ መስመርም ለሁለት ይከፈላል፤ ወደ ሼል የሚሄደው ቫል ደ ፎንትኔ አይቆምም፤ የቱርናን ወይም የቪሊዬ አቅጣጫውን ያዙ።

መስመሩ ሲቋረጥ

ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ማታ አፑ ላይ የአር ኢ አር ኤ መስመርን ክፈቱ። ‹ትራቮ› የሚለው ቃል ካለ የጥገና ሥራ አለ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ሥራ በተለይ ቅዳሜና እሑድ እና በኦገስት ይበዛል። የተቋረጠው መሃል ከተማ ላይ ከሆነ ሜትሮ 1 ያድናችኋል፦ ላ ደፋንስን፣ ኤትዋልን፣ ሻትሌን፣ ጋር ደ ሊዮንንና ናሲዮንን እንደ አር ኢ አር ኤ ስለሚነካ በእሱ ናሲዮን ደርሳችሁ ባቡሩን እዚያ መያዝ ትችላላችሁ። እስከ መጨረሻው ሻቶ ደ ቫንሴን ድረስ ከሄዳችሁ ግን የሜትሮው ጣቢያና የአር ኢ አሩ ቫንሴን አንድ አይደሉም፤ አሥር ደቂቃ ያህል በእግር ይራራቃሉ።

የማታው መመለሻ

ችግሩ የሚጀምረው የማታው ትርኢት አልቆ ሁሉም ወደ አንድ በር ሲዞር ነው። ለፕላትፎርሙ ሁለት አማራጭ አለ፦ ትርኢቱ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ተነሱ፣ ወይም ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ውጡ። መሃል ላይ የወጣ ይጋፋል። ሼሲ መነሻ ስለሆነ ባቡሩ ባዶውን ነው የሚመጣው፤ ሰው ግን ደረጃው እግር ሥር ይከማቻል። እስከ ፕላትፎርሙ ጫፍ ድረስ ከሄዳችሁ መቀመጫ ታገኛላችሁ።

ስትመለሱ የመገንጠያ ጭንቀት የለም፤ በመደበኛ ቀን ከሼሲ የሚነሳ የአር ኢ አር ባቡር ሁሉ በጋር ደ ሊዮንና በሻትሌ ያልፋል። የቴ ዤ ቬው ፕላትፎርም ለብቻው ስለሆነ የቀዩን ኤ ምልክት ብቻ ተከተሉ።

የመጨረሻው ባቡር የሚነሳው ከእኩለ ሌሊት ጥቂት አለፍ ብሎ ነው፤ ትክክለኛውን ደቂቃ ጠዋት ስትደርሱ ከስክሪኑ ወይም ከአፑ ላይ ያዙት። ካመለጣችሁ የሌሊቱ አውቶቡስ ኖክቲሊየን ኤን 130 ወደ ጋር ደ ሊዮን ይወስዳል፤ ከባቡሩ በጣም የዘገየ ነው፤ ካርዳችሁ ላይ የቀረው የባቡር ትኬትም ለእሱ አይሆንም።